ሳሙናን የሚሰርቀው ውሃ ነው

ስለ ሳሙና የተጻፈ ጽሑፍ ሲያይ «ደግሞ ይህ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛም ከጥቂት ጊዜ በፊት ቢሆን ኖሮ እንዲሁ እንል ነበር። ሳሙና ከሱቅ ይገዛል፤ ይታጠቡበታል፤ ያልቃል፤ ሲያልቅም ሌላ ይገዛል፤ ነገሩ ይኸው ነው ብለን እናስብ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ደሴ ላይ በተከራየንበት ግቢ በሳሙና ምክንያት የተነሣውን ጠብ ካየን በኋላ፣ ይህ ትንሽ ነገር የቤትን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰውንም ስም ሊያጠፋ እንደሚችል ተረዳን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሳሙና አያያዝ ጥቂት ለመናገር ፈለግን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግቢው እመቤት ጠንቃቃና ቤታቸውን በሥርዓት የሚያስተዳድሩ ወይዘሮ ናቸው። በወሩ መጀመሪያ ላይ አስቤዛቸውን ገዝተው ዘይቱንም፣ ስኳሩንም፣ ሳሙናውንም ቆጥረው ያስቀምጣሉ። ሐምሌ ሲገባ ሳሙናው ወሩ ሳይጋመስ ማለቅ ጀመረ። እሳቸውም ግራ ቀኙን ተመልክተው ጥርጣሬአቸውን ከገጠር ከመጣች ዓመት እንኳ ባልሞላት የቤት ሠራተኛቸው ላይ አሳረፉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፤ ሳሙና እግር የለው፤ ወዴት ሄደ?» አሏት። ልጅቱም «ወላሂ እትዬ፣ ከመታጠቢያው በቀር የትም አልወሰድኩት» እያለች አለቀሰች። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ የልጅቱ ጓዝ ተፈታ፤ ተፈተሸ፤ አንዲት ቁራጭ እንኳ አልተገኘም። እንደዚያም ሆኖ ጥርጣሬው አልጠፋም፤ «ሸጣዋለች» ተባለ። እኛም ከቆሙት መካከል ነበርን፤ አንድም ቃል አልተነፈስንም።

በዚያው ቀን ማታ እጃችንን ልንታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ስንሄድ ሌባውን አገኘነው። ሳሙናው ከቧንቧው ሥር፣ ቀዳዳ በሌለው የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከቧንቧው የሚንጠባጠበውና ከጣሪያው ቆርቆሮ የሚወርደው ውሃ ሳህኑን እስከ አፉ ሞልቶታል። ሳሙናው ከሥሩ እንደ አጥሚት ሆኖ ስለ ቀለጠ፣ ልናነሣው ስንሞክር ግማሹ በጣቶቻችን መካከል ሾለከ። ጧት ጧት ሳህኑ ሲታጠብ ያ ነጭ አጥሚት ወደ ቦይ ይደፋል። እንግዲህ ሳሙናው በየቀኑ ከቤት ይወጣ የነበረው በዚህ መንገድ ነው፤ ሌባውም ውሃ ነበር።

በዩኒቨርሲቲ ሳለን ጥቂት ኬሚስትሪ ቀምሰን፣ ሳሙና እንዴት እንደሚሠራ በፊደልና በቁጥር ጽፈን ፈተና አልፈናል። ይሁን እንጂ የታጠብንበትን ሳሙና የት ማስቀመጥ እንደሚገባን አስበንበት አናውቅም ነበር። ይህን ስንናገር እናፍራለን፤ ሳሙናውን በዚያ ሳህን ውስጥ እየጣሉ ይሄዱ ከነበሩት መካከል እኛም አለንበትና።

ሳሙና ምንድን ነው? ባጭሩ ለመናገር፣ የከብት ሞራ ወይም እንደ ፓልም ያለ ዘይት ኮስቲክ ሶዳ ከሚባለው ኃይለኛ ንጥረ ነገር ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ነው። ከዚህ ውሕደት ግሊሰሪን የሚባል ወፍራም ፈሳሽም አብሮ ይወጣል። የሳሙና ጠባይ ለሁለት ወገን ነው፤ በአንድ ጫፉ ቅባትን ይይዛል፣ በሌላው ጫፉ ውሃን ይይዛል። እድፍን ከገላና ከልብስ አላቅቆ ከውሃው ጋር የሚያስወግደውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ነገር ግን ይህ የውሃ ወዳጅነቱ በሥራ ላይ ሲሆን ይጠቅመናል፤ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ይጎዳናል። በውሃ ውስጥ የተዘነጋ ሳሙና ውሃውን እየጠጣ ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል፤ ማንም ሳይታጠብበት ያልቃል። ግሊሰሪን የበዛበት የገላ ሳሙና ደግሞ ከአየሩ እንኳ ሳይቀር እርጥበት ይስባል።

ይህም ጉዳይ በደሴና በኮምቦልቻ በአንድ ዓይነት አይታይም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሲሸፍናት፣ የተሰጣ ልብስ ቀን ቆጥሮም በደንብ አይደርቅም። ልብስን ያላደረቀ አየር ሳሙናንም አያደርቅም። ኮምቦልቻ ግን ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰው ሲወርዱ የምትገኝ፣ ከደሴም በ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በዚያ የሳሙና ገጽ ቶሎ ይደርቃል። ሆኖም ሰው በሙቀቱና በላቡ ምክንያት ደጋግሞ ስለሚታጠብ፣ ሳሙናው በሁለት መታጠብ መካከል የሚያርፍበት ጊዜ አጭር ነው። ይደርቃል ተብሎ በፀሐይ ላይ ቢሰጣ ደግሞ ውጪው ፈጥኖ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ስለሚቀር ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውሃ ገብቶ ይፈረካከሳል። ስለዚህ የደሴ ሰው ይልቁንም ከእርጥበት፣ የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ከእርጥበትም ከፀሐይም መጠንቀቅ አለበት።

የተናገርነው ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በግቢያችን ፈተና አደረግን። አንድ ረዥም የልብስ ሳሙና ገዝተን እኩል ለሁለት ቆረጥነው። አንዱን ቁራጭ በዚያው ውሃ በሚያቁረው ሳህን ውስጥ ተውነው፤ ሁለተኛውን ከቧንቧው ራቅ አድርገን፣ ጣሪያ ባለበት ስፍራ፣ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ላይ አስቀመጥነው። የግቢው ሰው ሁሉ አንድ ቀን በአንደኛው፣ በማግሥቱ በሌላው እንዲታጠብ ተስማማን። በሳህን ውስጥ የነበረው ፈጽሞ ሲያልቅ በእንጨቱ ላይ የነበረው ገና እጅ ይሞላ ነበር። ልዩነቱን ለማወቅ ሚዛን አላስፈለገም። ወይዘሮዋም ባዶውን ሳህንና በእንጨቱ ላይ የቀረውን ሳሙና አይተው ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ።

እንግዲህ ወደ አያያዙ እንመለስ። የሳሙና አያያዝ የሚጀምረው ከገበያ እንደ ገቡ ነው እንጂ ከመታጠቢያው ዘንድ አይደለም። በዚህ ረገድ ከሌላው ዓለም የምንማረው አለ። በሶርያ ሐለብ፣ በፍልስጥኤም ናብሉስ፣ ሳሙና መሥራት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ጥበብ ነው። የሁለቱም አገር የሳሙና አሠራር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የባህል ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የሐለብ ሠሪዎች ሳሙናቸውን ከቆረጡት በኋላ ወዲያው ወደ ገበያ አያወጡትም። በመካከሉ አየር የሚያልፍበት ክፍተት እየተዉ እንደ ግንብ ይደረድሩትና ብዙ ወራት ያቆዩታል። ይህን የሚያደርጉት ውሃው ከሳሙናው ወጥቶ ሳሙናው እንዲጠነክር ነው። የጠነከረ ሳሙና ሲታጠቡበት የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ያልጠነከረ ግን ሳይጠይቁት ይዘረገፋል።

እኛም በየቤታችን ይህንኑ በጥቂቱ ልናደርግ እንችላለን። አቅሙ የሚፈቅድለት ሰው ለአንድ ወር የሚሆነውን ሳሙና አስቀድሞ ይግዛ። ከሰኞ ገበያ ወይም ከሰፈሩ ሱቅ ይዞት እንደ ገባ ከፌስታሉ ያውጣው፤ መጠቅለያውንም ይፍታው። ረዥሙን የልብስ ሳሙና ገና ለስላሳ ሳለ በቢላዋ ወይም በቀጭን ሽቦ ይቁረጠው፤ ከደረቀ በኋላ ሊቆርጡት ሲሉ ይፈረካከሳልና። ቁራጮቹን በመደርደሪያ ላይ ወይም በቅርጫት ውስጥ፣ በመካከላቸው የአንድ ጣት ያህል ክፍተት እየተወ፣ እንደ ሸክላ ጡብ ያነባብራቸው። ስፍራው አየር የሚያገኝ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ከምድጃው እንፋሎት የራቀ ይሁን። ከዱቄት፣ ከቡናና ከበርበሬ አጠገብ አይቀመጥ፤ የአንዱ ሽታ በሌላው ላይ ይገባልና። ሦስትና አራት ሳምንት እንዲህ የቆየ ሳሙና ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ ውሃ ከገባው ሳሙና ይልቅ ይበረክታል።

እዚህ ላይ አንዳንድ እመቤቶች «ያስቀመጥኩት ሳሙና ቀለለብኝ» ሲሉ እንሰማለን። ይህ ኪሳራ አይደለም። የቀለለው ከውስጡ ውሃ ስለ ወጣ ነው፤ ሳሙናው ግን እዚያው አለ። በቆየው ሳሙና ገጽ ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ቢታይም ተበላሸ ብሎ መጣል አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ቢያደርጉት ይለቃል። እናቶቻችን የገላ ሳሙናን ከልብስ ሣጥን ውስጥ በነጠላና በቀሚስ መካከል ሲያስቀምጡ ልብሱ ጥሩ እንዲሸት ብለው ነበር። ነገር ግን በዚያው ምክንያት ሳሙናው ደርቆ እየጠነከረ ይቆያቸው ነበርና በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም አገኙ።

በእርግጥ የወር ሳሙና በአንድ ጊዜ መግዛት የማይችለው ሰው ብዙ ነው። ለእርሱም ዘዴ አለው። ሁለት ቁራጭ ሲያገኝ ሁለቱን በፈረቃ ይጠቀምባቸው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይድረቅ። በደሴ ክረምት አንድ ሳሙና ከጧት እስከ ማታ በቤተ ሰቡ ሁሉ እጅ ሲዞር ከዋለ የሚደርቅበት ሰዓት አያገኝም። ተራ የደረሰው ሳሙና ግን ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ ወደ ሥራ ይገባል።

የየዕለቱ ማስቀመጫም ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። ያንኑ የፕላስቲክ ሳህን በእሳት በጋለ ሚስማር ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ቢበሱት ውሃው ይወርዳል። ሳህኑን ራሱን በሁለት ድንጋይ ላይ ከፍ ቢያደርጉት ደግሞ ከሥሩም አየር ያገኛል። ሳህን የሌለው ሰው ሁለት ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሳሙናውን በላያቸው ያሳርፍ። ከሁሉ የቀለለው ግን የጠርሙስ ቆርኪ ነው። ሳሙናው ጥቂት ለስለስ ሲል የቆርኪውን ጥርስ ከሥሩ ተጭኖ ማስገባት ነው። ከዚያ በኋላ ሳሙናው በቆርኪው ላይ ቆሞ ከሳህኑ ጋር ሳይነካካ ይቀመጣል። የቢራ ፋብሪካ ባለበት ኮምቦልቻ ቆርኪ ጠፍቶ የሚቸገር ቤት አለ አንልም፤ ለስላሳ ብቻ በሚጠጣበትም ቤት ቆርኪ አይታጣም። ከዚህም በላይ ሳሙናው ከቧንቧው አፍ ሥርና ከጣሪያው ጠርዝ ፈቀቅ ይበል። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለ ደግሞ ጎሚኒውን ማስለወጥ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የቧንቧ ጠብታ ሳሙናውንም ውሃውንም ያሳጣልና።

ቀጥሎ ስለ አጠባቡ እንናገር። ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነሥቶ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ የሚያመራ ወንዝ ነው። በዳርቻው ልብስ የሚያጥቡትን ሰዎች ስንመለከት ሁለት ዓይነት አጣቢ እናያለን። አንደኛዋ ሳሙናዋን በረጠበ ድንጋይ ላይ ወይም በሳፋው ውስጥ ከልብሱ ጋር ትጥለዋለች፤ ልብሱን ስታሽ ሳሙናው በውሃው ውስጥ እየዋኘ ይቀልጣል። ሁለተኛዋ ግን በመጀመሪያ ልብሱን በንጹሕ ውሃ ትዘፈዝፋለች፤ አቧራውና ጭቃው በውሃ ብቻ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ሳሙናውን በአንገትጌው፣ በእጅጌው ጫፍና እድፉ በበረታበት ቦታ ላይ ብቻ ትቀባና በደረቅ ድንጋይ ላይ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ልብሱ ከሁለቱም ዘንድ እኩል ይነጣል፤ ሳሙናው ግን እኩል አይቀርም። በሙቅ ውሃ ማጠብ ለቅባት እድፍ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ሳሙና በሙቅ ውሃ ይበልጥ ፈጥኖ ስለሚቀልጥ ሙቁን ውሃ ለልብሱ እንጂ ለሳሙናው መስጠት አይገባም። በከንቱ የቀለጠው ሳሙናም ሄዶ ሄዶ ወደዚያው ወንዝ ይወርዳል፤ ከበታች ያለው ሰውና ከብት ደግሞ ወንዙን ይፈልገዋል።

የውሃውም ዓይነት ልዩነት አለው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ አረፋ ከመስጠት ይልቅ እርጎ የመሰለ እድፍ ይሠራል። ያ እድፍ ሳሙናው ሥራውን ሳይሠራ የባከነበት ነው። የዝናብ ውሃ ግን እነዚህ ነገሮች ስለሌሉበት በጥቂት ሳሙና ብዙ አረፋ ይሰጣል። ስለዚህ ክረምት ሳሙናን የሚያቀልጥብን ቢሆንም የሚክሰንም አለው። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ ካጠበ በኋላ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል አጠራቅሞ ለልብስ ማጠቢያ ማዋል ብልኅነት ነው።

ሳሙናው ሲያልቅ የምትቀረውንም ስስ ቁራጭ መጣል አያስፈልግም። ቁራጯንና አዲሱን ሳሙና ሁለቱንም አርጥቦ አንዱን በሌላው ላይ ተጭኖ ማሳደር ነው፤ ሲደርቁ አንድ ይሆናሉ። ወይም ደግሞ ቁርጥራጮቹን ሽንኩርት ከሚመጣበት የመረብ ከረጢት በተቆረጠች ትንሽ ቋጠሮ ውስጥ አጠራቅሞ ከቧንቧው አጠገብ መስቀል ነው። በየምግብ ቤቱ እንዲህ በመረብ የተንጠለጠለ ሳሙና ያያችሁ አላችሁ። ያ ሰው ሳሙናውን እንዳይወሰድበት ብሎ አሰረው ይሆናል፤ ነገር ግን ሳያውቀው ከውሃም ጠብቆታል። የተንጠለጠለ ሳሙና በሁሉም ወገን አየር ያገኛልና።

ይህ ሁሉ አዲስ ጥበብ አይደለም። ሳሙና በየሱቁ ሳይዳረስ በፊት አያቶቻችን ልብሳቸውን ያጥቡ የነበረው በእንዶድ ነው። የእንዶድን ፍሬ ለቅመው ያደርቁታል፤ በደረቅ ቦታ ያኖሩታል፤ የሚወቅጡትም ለዕለቱ የሚበቃቸውን ያህል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ይህ ተክል የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ደረሱበት። ስለዚህም ሥራቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀብለዋል። ሊቁ ያን ያህል ታላቅ ነገር ያገኙት ሌላው ሰው ልብስ ሲታጠብ እያየ የሚያልፈውን ነገር ቆም ብለው በመመልከታቸው ነው። እኛ ደግሞ ከአያቶቻችን አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ብንወስድ ይበቃናል፤ ይኸውም ማጠቢያ እስከ ሥራው ሰዓት ድረስ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል የምትለው ናት።

አሁን ግን አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብን። ስለ ሳሙና ቁጠባ ስንጽፍ «ጥቂት ታጠቡ» ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ከዚያ ስሕተት ለመጠበቅ ነው። ሳሙና ሲወደድ ብዙ ቤት በመጀመሪያ የሚያደርገው የልጆችን እጅ መታጠብ መቀነስ ነው። «ውሃ ለቀቅ ለቀቅ አድርገህ ብላ» ይባላል። ይህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ዓይነት ቁጠባ ነው። በሳሙና የተቆጠበችው ብር ለተቅማጥ መድኃኒት በእጥፍ ትወጣለች።

የአማራ ክልል ትራኮማ የተባለው የዐይን በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከበረታባቸው አገሮች አንዱ ነው። ይህን በሽታ ለመከላከል ከተመረጡት አራት መንገዶች፣ ማለት ከቀዶ ሕክምና፣ ከመድኃኒት፣ ከፊት ንጽሕናና ከአካባቢ ጽዳት መካከል፣ የፊት ንጽሕና የምትገኘው በእያንዳንዱ እናት እጅ ነው። የኮሮና በሽታ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ በታወቀ ጊዜም ለሁሉ የተሰጠው የመጀመሪያው ምክር «እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» የሚል ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲቀርብ፣ በትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ላደሩት ተፈናቃዮች አንድ ሳሙና ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው ያን ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። እንዲህ ያለውን ነገር በሳህን ውሃ ውስጥ ማቅለጥ ማባከን ነው፤ አለመታጠብ ደግሞ ከማባከን የከፋ ነው። ትክክለኛው መንገድ ደጋግሞ መታጠብና ሳሙናውን አድርቆ ማስቀመጥ ነው።

ይህ ምክር ለቤት ብቻ አይደለም። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች የእጅ መታጠቢያ ተሠርቶ ውሃም እያለው ሳሙና የለበትም። ምክንያቱን ሲጠይቁ «ብናስቀምጥ ይሰርቁታል» የሚል መልስ ይሰጣል። ምናልባት አንዳንዱ ይሰረቅ ይሆናል። ነገር ግን እነዚያን መታጠቢያዎች ስናይ ሳሙና ማስቀመጫ ተብሎ የተሠራው ጎድጓዳ ስፍራ ውሃ መውጫ የለውም፤ በዚያ ውስጥ የተቀመጠ ሳሙና ማንም ሳይነካው በጥቂት ቀናት ያልቃል። ከዚያም ተማሪው በሌብነት ይታማል፤ ሳሙናውም ለዘለዓለም ይቀርበታል። ሳሙናውን በመረብ ቋጥሮ መስቀልና ያንን ጎድጓዳ ስፍራ መብሳት የሚጠይቀው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ብቻ ነው። ይህ ሳይደረግ ልጆችን ሌባ ማለት አይገባም።

በመጨረሻ ወደ ግቢያችን ነገር እንመለስ። ፈተናው ካለቀ በኋላ ወይዘሮዋ ለልጅቱ አዲስ ሻሽ ገዝተው በጓዳ ሰጧት። እኛ ግን ሻሹ መልካም ቢሆንም እንደማይበቃ በአክብሮት ነገርናቸው። ጓዟ የተፈታው በጎረቤት ፊት ነበርና፤ በአደባባይ የተወረወረ ቃል በጓዳ አይመለስም። እሳቸውም ለጊዜው ቅር አላቸው፤ «እናንተ የዛሬ ልጆች» ብለውም ተቆጡን። ነገር ግን በሚቀጥለው እሑድ ቡና አስፈልተው ያንኑ ጎረቤት ጠሩና፣ ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ «የኔ ልጅ አልወሰደችም ነበር፤ ሳሙናዬን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። እኛም እኛ እንዳቀለጥነው፣ ጓዟም ሲፈታ ዝም ብለን እንዳየን ተናገርን። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ቡናውን ማደሉን ቀጠለች፤ ያን ቀን ግን እንደ ወትሮዋ ከበሩ ሥር አልተቀመጠችም፤ እትዬዋ አጠገባቸው አስቀመጧት።

ዛሬ በዚያ ግቢ የሳሙናው ቅርጫት በእርሷ እጅ ነው። ቆራጭዋም፣ ደርዳሪዋም፣ ቆርኪ ለጣፊዋም እርሷ ናት። በዚህ በኩል በግቢው ውስጥ ሁላችንንም የምትቆጣጠር ሰው ብትኖር እርሷ ናት፤ ሳሙናውን በረጠበ ቦታ ጥለን ስንሄድ ጠርታ ታስመልሰናለች።

ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ! በየቤታችሁ ሳሙናው ከቀኑ በፊት ያለቀ እንደ ሆነ፣ የሰው ጓዝ ከመፍታታችሁ በፊት ሳሙናው የተቀመጠበትን ሳህን አንሥታችሁ ተመልከቱ። ሳህኑ ውሃ ካቆረ ሌባው ተይዟል ማለት ነው፤ ሥሩን በሚስማር መብሳት ብቻ ይቀራል።